ሙቅ ውኃን በጥቂት ማገዶ ስለ ማግኘት

ለሰው ኑሮ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ሙቅ ውኃ ነው። ሕፃን ሲወለድ፣ አራስ ስትታጠብ፣ በሽተኛ ሲታጠብ፣ የልብስ እድፍ ሲለቅ፣ ገበሬም ከእርሻ ተመልሶ እግሩን ሲታጠብ ሙቅ ውኃ ይፈለጋል። ይልቁንም በደጋ አገር ማለዳ የተቀዳ ውኃ እጅን ያደነዝዛልና፣ ሙቅ ውኃ የሌለው ቤት ንጽሕናን መጠበቅ ይቸግረዋል።

በምዕራብ ጐጃም በሰከላ ወረዳ የሚገኘው ግሽ ዓባይ እንደዚህ ያለ ደጋ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ይህን ምንጭ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1618 ዓ.ም. ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ሰው፣ በ1770 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው አይተውታል። ምንጩ ውኃን ለአገሬው ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ሙቀትን ግን አይሰጥም። የሙቀት ዋጋው ማገዶ ነው፤ የማገዶም ዋጋው ድካምና ጊዜ፣ ዛፍና አፈር ነው።

ማገዶ የሚለቅሙት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ለእንጨት ለቀማ የዋለች ልጅ በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች ወይም ደክማ ትመጣለች። እንጨት የጠፋ እንደ ሆነ ኩበት ይነዳል፤ ኩበትም የነደደ እንደ ሆነ እርሻው ፍግ ያጣል። ዛፉ ከተራራው ባለቀ ጊዜ ዝናቡ ወደ መሬት መስረጉን ትቶ አፈሩን እየጠረገ ይወርዳል። ስለዚህ በምድጃ ላይ የሚጠፋው ሙቀት በምድጃው ብቻ አይቀርም፤ ጉዳቱ እስከ እርሻውና እስከ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል።

ዳሩ ግን ይህ ጉዳት ሙቅ ውኃን በመተው የሚድን አይደለም። ሙቀቱ በየት በየት እንደሚያመልጥ አውቆ መንገዱን በመዝጋት ይድናል። የዚህም ትምህርት ዐሳብ ይኸው ነው።

ሙቀት እንዴት እንደሚለካ

1 ሊትር ውኃን በ1 ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት 1 ኪሎ ካሎሪ ይባላል። ለአንድ ሰው ገላ መታጠቢያ 20 ሊትር ውኃ ይበቃል ቢባል፣ ውኃውም ሲቀዳ 15 ዲግሪ ቢሆንና 40 ዲግሪ እንዲደርስ ቢፈለግ፣ 20 ሊትር በ25 ዲግሪ ሲባዛ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት በተቃጠለ ጊዜ 4,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ውኃው ቢገባ ኖሮ ለዚህ ሥራ የ1 ኪሎ እንጨት ስምንተኛው እጅ፣ ይኸውም 125 ግራም፣ ይበቃ ነበር።

ነገር ግን በሦስት ጉልቻ ላይ ይህን ያህል ውኃ ለማሞቅ 1 ኪሎ ያህል እንጨት ይነዳል። ምክንያቱም በጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ወደ ውኃው የሚገባው ሙቀት ከስምንት እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ነው። ከቀሩት ሰባት እጆች አንዳንዱ በጉልቻዎቹ መካከል በሚነፍሰው ነፋስ ይወሰዳል፤ አንዳንዱ ድንጋዩንና መሬቱን ያሞቃል፤ አንዳንዱ በማሰሮው ጐንና ጐን አልፎ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ አንዳንዱም ሳይቃጠል ጢስ ሆኖ ይቀራል። የቤቱ እመቤት ስምንት ፍልጥ ተሸክማ መጥታ ለውኃው የምትሰጠው አንዱን ፍልጥ ብቻ ነው ማለት ነው።

በየቀኑ 20 ሊትር ውኃ የሚያሞቅ ቤት በዓመት 365 ኪሎ እንጨት ለዚህ ብቻ ያነዳል። አንድ ሸክም 25 ኪሎ ነው ቢባል፣ ይህ 15 ሸክም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ማገዶውን በግማሽ መቀነስ የተቻለ እንደ ሆነ ሰባት ሸክም፣ ይኸውም ሰባት ጊዜ ወደ ዱር መሄድና መመለስ፣ ይቀራል።

ስለ ማፍላትና ስለ ማሞቅ

ብዙ ሰው ውኃ አብዝቶ በተንተከተከ ቍጥር ሙቀቱ የሚጨምር ይመስለዋል፤ ግን አይደለም። ውኃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ የውኃው ሙቀት ከፍ አይልም። በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ከፍታ በተወጣ ቍጥር ግን አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ውኃ በፍኖተ ሰላም በ94 ዲግሪ ገደማ፣ በግሽ ዓባይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

እንፋሎትም ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የፈላ ውኃ 1 ሊትር ተኖ እንዲያልቅ 540 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። ይህም 20 ሊትር የመታጠቢያ ውኃ ከሚያሞቀው ከ500 ኪሎ ካሎሪ ይበልጣል። ስለዚህ ክዳን በሌለው ማሰሮ 1 ሊትር ውኃ ያተነነ ሰው፣ የአንድ ሰው መታጠቢያ የሚያሞቀውን ያህል ሙቀት ወደ ጣሪያ ሰደደ ማለት ነው። ክዳን ገንዘብ አያስወጣም ወይም ጥቂት ብቻ ያስወጣል፤ የሚያድነው ማገዶ ግን ብዙ ነው።

ለመታጠቢያ የሚሆነውንም ውኃ ሁሉ ማፍላት አያስፈልግም። 20 ሊትሩን ሁሉ ከ15 ወደ 91 ዲግሪ ለማድረስ 1,520 ኪሎ ካሎሪ ይፈጃል፤ ይኸውም ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ነው። ያን አፍልቶ እስኪበርድ መጠበቅ ማገዶን መጣል ነው። ከዚህ ይልቅ 7 ሊትር ብቻ አፍልቶ 13 ሊትር ቀዝቃዛ ቢቀላቅሉበት 20 ሊትር ለገላ የሚስማማ ውኃ ይገኛል። ነገር ግን ሲቀላቀል አስቀድሞ ቀዝቃዛው በመታጠቢያው ዕቃ ይጨመር፤ የፈላው ኋላ ይከተል። ሕፃን ከመግባቱ በፊት ውኃው በክርን ይፈተን። ይህ ልማድ ሕፃናትን ከመቃጠል ያድናል።

ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሽታ የሚያመጡት ረቂቅ ተሕዋስያን እንዲሞቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር ውኃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቈይ። ከዚያ በላይ ማፍላት ማገዶን ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

እንጨትን ስለ ማድረቅ

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፤ ዛሬ በጐጃም በብዙ ገበሬ ጓሮ ይገኛል። አሁን የተቈረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። እንዲህ ያለውን 1 ኪሎ እንጨት ያነደደ ሰው ግማሽ ኪሎ እንጨትና ግማሽ ሊትር ውኃ በእሳት ላይ እንዳደረገ ይቈጠራል። በውስጡ ያለውን ውኃ ለማትነን ብቻ 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጠፋል። እሳቱም ስለሚበርድ እንጨቱ በሚገባ አይቃጠልም፤ ጢሱም ይበዛል።

ስለዚህ እንጨት ተፈልጦ ዝናብ በማይነካው በጣሪያ ሥር፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ ሆኖ ይደርደር። የክረምት ማገዶ በበጋ ይዘጋጅ። ቀጭን ፍልጥ ከወፍራም ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ፈጥኖም ይነዳል።

ስለ ተሻሻለው ምድጃ

እሳትን ከነፋስ የሚከልልና ነበልባሉን ወደ ዕቃው የሚያቀርብ ምድጃ ከጉልቻ ይልቅ ብዙ ሙቀት ያተርፋል። በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የታወቁ ምድጃዎች አሉ። አንዱ «ትክክል» የሚባለው ነው፤ ውጭው ብረት ውስጡ ሸክላ ሆኖ አንድ ድስት ወይም ማንቆርቆሪያ ይሸከማል። በጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ግማሹን ያህል ያድናል። እንግዲህ ከላይ 1 ኪሎ እንጨት የፈጀው የመታጠቢያ ውኃ በዚህ ምድጃ በግማሽ ኪሎ ይሞቃል።

ሁለተኛው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። ይህ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገር ውስጥ ተሠርቶ የተስፋፋ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ይሠራል። አራት ቅስት ክፍሎች ተገጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይከባሉ፤ ሌሎች ሁለት ክፍሎች ደግሞ በስተኋላ ጢሱ የሚወጣበትን ቦታ ያበጃሉ። እርሱም እንጀራ ለመጋገር ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ያድናል።

ስለ ሙቅ ውኃ የሚነገረው ዋናው ነገር ግን በዚህ በኋለኛው ክፍል ነው። ከምጣዱ ሥር ያለፈው ነበልባል ገና ትኩስ ሳለ በዚያ በኩል ይወጣልና፣ በላዩ ድስት ቢጣድ ውኃው ያለ ተጨማሪ እንጨት ይሞቃል። ስለዚህ ብልኅ የቤት እመቤት የመታጠቢያውን ቀን ከጋገራው ቀን ጋር ታስማማለች። ምርጥ ምድጃ የሌላትም ብትሆን ጋገራው ካለቀ በኋላ ፍሙና ረመጡ ሳይበርድ እንስራ ውኃ ብትጥድበት ያለ ተጨማሪ ማገዶ ሙቅ ውኃ ታገኛለች።

ጢስን መቀነስ ደግሞ ራሱን የቻለ ትርፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ በሚመጣ የተበከለ አየር ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ230 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ምድጃው ማንኛውም ዓይነት ቢሆን ማድቤቱ ጢስ መውጫ ይኑረው፤ ሕፃንም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በጢስ መካከል አይቈይ።

ሙቀትን በጭድ ስለ ማቈየት

የሞቀ ውኃ ሙቀቱን ለአየር እየሰጠ ይበርዳል። በመካከሉ የማይነፍስ አየር ከታሰረ ግን ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው ራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም፤ በክሩ መካከል አየርን አስሮ የሰውነትን ሙቀት ስለሚይዝ ነው። የጤፍ ጭድም እንዲሁ ነው።

ይህን በሥራ ለማየት አንድ ሰፊ ቅርጫት ወይም የእንጨት ሣጥን ይፈለግ። በሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ጭድ ይነጠፍ። በሚገባ የተከደነ የፈላ ውኃ ድስት በመካከሉ ይቀመጥና በዙሪያው ሁሉ ጭድ ይጠቅጠቅ። በላዩም ጭድ የተሞላ ጆንያ ይጫን። ድስቱ ወደ ጭዱ ከመግባቱ በፊት ፍም ወይም የጋለ ጥላሸት በሥሩ እንዳይኖር በሚገባ ይጠረግ፤ ሣጥኑም ከምድጃው ርቆ ይቀመጥ፤ አለዚያ ጭዱ ይቀጣጠላል። ማታ በራት እሳት የፈላ ውኃ እንዲህ ሆኖ ቢያድር፣ ሲነጋ ፊትና እጅ ለመታጠብ የሚበቃ ሙቀት ይዞ ይገኛል። ልጆችም አዲስ እሳት እስኪነድ ሳይጠብቁ ታጥበው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በገበያ የሚሸጠው ፔርሙስ የሚሠራውም በዚህ ዐሳብ ነው፤ ልዩነቱ በሁለት ግድግዳዎች መካከል አየሩ ጭራሽ ተስቦ መውጣቱ ነው።

ስለ ፀሐይ

ማገዶ የማይጠይቅ እሳት ፀሐይ ናት። በኢትዮጵያ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ በአንድ ቀን የሚወርደው የፀሐይ ኀይል በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ይህም ወደ ካሎሪ ሲለወጥ 4,300 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። እንግዲህ የአንድ በር ስፋት በማያህል ቦታ ላይ በየቀኑ ከ1 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚበልጥ ሙቀት ይወርዳል። ከዚህም ግማሹ ብቻ ቢያዝ 80 ሊትር ውኃን በ25 ዲግሪ ያሞቃል፤ ይኸውም የአራት ሰዎች መታጠቢያ ነው።

ይህን ሙቀት ለመያዝ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ጥቁር ቀለም፣ መስተዋትና ሙቀት የሚያቈይ ግድግዳ። ጥቁር ነገር ብርሃንን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ መስተዋት ብርሃኑን አስገብቶ ሙቀቱን ከነፋስ ይጠብቃል፤ ግድግዳው ሙቀቱ በጐንና በሥር እንዳይወጣ ይከለክላል። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ደ ሶሱር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1767 ዓ.ም. በመስተዋት የተከደነ ሣጥን ሠርቶ በፀሐይ ብቻ ብዙ ሙቀት አገኘ። በ1891 ዓ.ም. ክላረንስ ኬምፕ የተባለ አሜሪካዊ ጥቁር የውኃ ጋኖችን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ነገር ግን ጋኖቹ ከደጅ ስለ ነበሩ ቀን የሞቀው ውኃ ሌሊት ይበርድ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ዊልያም ቤይሊ የሚሞቅበትን ክፍል ከሚጠራቀምበት ጋን ለየና ጋኑን ሙቀት በሚያቈይ ነገር ሸፈነው፤ ውኃውም እስከ ማግሥቱ ሞቅ ብሎ ያድር ጀመር። ዛሬ በአዲስ አበባ በብዙ ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚታዩት የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች ከዚህ ዐሳብ የወጡ ናቸው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው፣ እንዲሁም ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት፣ እንዲህ ያለውን ማሞቂያ መግዛት ይችል ይሆናል። ለመጀመሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከተተከለ በኋላ ግን ፀሐይ ዋጋ አትጠይቅም። በገጠር ላለ ሰው ደግሞ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ጀሪካን በጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ጭድ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ይጋደማል፤ ሣጥኑ በመስተዋት ይከደናል፤ በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የመስተዋቱ ፊት ወደ ደቡብ ይደረጋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በፀሐይ ይቈይና ሳይበርድ ይገባል። የጀሪካኑ ክዳን ጥቂት ይላላ፤ ውኃ ሲሞቅ ይሰፋልና። መድኀኒት ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ግን ቢታጠብም ከቶ ለዚህ አይሁን። እንዲህ የሞቀው ውኃም ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይደለም።

የፀሐይ ጕድለቷ ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ደመናው ስለሚበዛ ምድጃው መተው አይቻልም። ስለዚህ ፀሐይና የተሻሻለ ምድጃ እንደ ሁለት በሬዎች ተጠምደው ይረዳዱ።

ስለ ኤሌክትሪክ

ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይም እስከ ጉባ ወርዶ የታላቁ ሕዳሴ ግድብን ይሞላል። የግድቡ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። የምንጩ ውኃ በሩቅ ቦታ ኀይል ሆኖ በሽቦ ይመለሳል ማለት ነው።

መብራት በገባበት ቤት ያን 20 ሊትር ውኃ ለማሞቅ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የውኃ ጋን ያለው ቤት ግን ጋኑን ቀንና ሌሊት ሲያሞቅ ቢውል ብዙ ኀይል ይባክናል። ስለዚህ ከመታጠቢያው ሰዓት አስቀድሞ ይብራ፤ ከዚያ በኋላ ይጥፋ። መለኪያው ወደ 60 ዲግሪ ይደረግ፤ ከዚያ ቢበልጥ ሙቀት ይባክናል፣ እጅግ ቢያንስም በጋኑ ውስጥ በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን ይራባሉ። ትኩስ ውኃ የሚሄድበት ቧንቧ አጭርና የተሸፈነ ይሁን። በሌላ አገር ከአየር ሙቀትን ስቦ ወደ ውኃ የሚያስገባ መኪና ይሠራበታል፤ እርሱም ለሚበላው አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ለውኃው ይሰጣል።

ማጠቃለያ

አዲስ ነገር ለመጀመር ሀብታም እስኪሆኑ መጠበቅ አያስፈልግም። አስቀድሞ ክዳን ይገጠም፤ ከሚያስፈልገው በላይ ማፍላት ይቅር፤ እንጨት ይድረቅ። ከዚያ ቀጥሎ የጭድ ሣጥን ይሠራ፤ የጋገራ ቀን እሳት ውኃ ያሙቅ። ጥቂት ገንዘብ በተገኘ ጊዜ የተሻሻለ ምድጃ ይገዛ፤ ከዚያም በላይ ሲቻል ፀሐይ ትያዝ። እያንዳንዱ ደረጃ ለሚቀጥለው መንገድ ይከፍታል። ከምድጃ የተረፈው ፍልጥ በተራራው ላይ የሚቀር ዛፍ ነው፤ ከሸክም የዳነውም ሰዓት ለልጅቱ የትምህርት ሰዓት ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. 10 ሊትር ውኃን ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ ስንት ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋል? በጉልቻ ላይ ስንት እንጨት ይነዳል?

2. ውኃ በግሽ ዓባይ ከፍኖተ ሰላም ይልቅ ባነሰ ሙቀት የሚፈላው ስለ ምንድን ነው?

3. ሁለት እኩል ድስቶች እኩል የፈላ ውኃ ይሞሉ። አንዱ በጭድ ሣጥን፣ ሁለተኛው በገበታ ላይ ይቀመጥ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሁለቱ ሙቀት በሙቀት መለኪያ ተለክቶ ይጻፍ።

4. በቤታችሁ በአንድ ሳምንት ለውኃ ማሞቂያ የሚነደው እንጨት ተመዝኖ ይጻፍ። በሚቀጥለው ሳምንት በክዳንና በደረቅ እንጨት እየተሠራ እንደ ገና ይመዘን። ልዩነቱ ስንት ነው?